ምጣዴ ጠዋት ብሬከር ይጥላል፣ ማታ ግን አይጥልም። ምን ይሻለኛል?

ባለ_ምጣዷ፦
ሰላም ለቤቱ። እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ምጣዴ ላይ የተለጠፈው 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ይላል። ሽቦው በተቃጠለ ቁጥር ሠራተኛው የተቃጠለችውን ቆርጦ ይጥልና ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ያገናኘዋል። ካለፈው ጥገና ወዲህ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል እንደጋገርኩ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይወርዳል። ምጣዱም ከልክ በላይ ይግላል፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ከሥሩ ያርራል። ማታ መብራት ሲደክም ግን ሰላም ነው።

ወንድሜ በክላምፕ ሜትር (ሽቦ አቅፎ አምፔር በሚለካው) ለካልኝ። ጠዋት 220 ቮልት፣ 20 አምፔር። ማታ 190 ቮልት፣ 17.3 አምፔር። ጎረቤቴ ደግሞ «ቮልት ሲቀንስ አምፔር ይጨምራል» ይላል። ታዲያ የእኔ ለምን ተገላቢጦሽ ሆነ? ብሬከሩን በ32 ባስቀይረውስ?

አዳማ_07፦
አስቀይሪው እህቴ። እኔ ቤት 32 ነው፣ አንድም ቀን ጥሎ አያውቅም።

ሽቦ_ጠጋኝ፦
እህቴ፣ ብሬከሩን እንዳትነኪው! መጀመሪያ ቁጥሮችሽን እንያቸው፣ ወንድምሽ ጥሩ አድርጎ ነው የለካው።

ሬዚስታንስ፣ ሽቦው ከረንቱን የሚገታበት ልክ ማለት፣ ቮልቱን ለአምፔሩ በማካፈል ይገኛል፣ መለኪያውም ኦም ነው። 220 ለ20 ሲካፈል 11 ኦም። የማታውም 190 ለ17.3 ሲካፈል ያው 11 ነው። ሽቦሽ ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው፣ የሚለዋወጠው መብራቱ ነው።

ዋት ደግሞ ቮልት ሲባዛ በአምፔር። ጠዋት 220 በ20፣ 4400 ዋት። ማታ 190 በ17.3፣ 3290 አካባቢ። ማታ «ሰላም ነው» ያልሽው ምጣዱ ድኖ አይደለም፣ መብራቱ ስለደከመ ነው። 17.3 አምፔር ከ16 በጥቂቱ ብቻ ስለሚያልፍ ብሬከሩ ይታገሠዋል። 20 ሲሆን ግን ውስጡ ያለችው ብረት ቀስ እያለች ትሞቅና ትጥለዋለች። ግማሽ ሰዓት የወሰደባትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ተለጠፈው እንሂድ። 3500 ለ220 ሲካፈል 15.9 አምፔር። 220 ለ15.9 ደግሞ 13.8 ኦም። ምጣዱ አዲስ ሳለ 13.8 የነበረው አሁን 11 ሆኗል። ሽቦ ባጠረ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በየጥገናው እየተቆረጠ አንድ አምስተኛው ያህል ጠፍቷል። ሠራተኛው ያተረፈልሽ መስሎት ይሆናል።

የሚብሰው ይሄ ነው። እያንዳንዷ ሳንቲሜትር የምታወጣው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ነው የሚሄደው። 20 ለ15.9 ሲካፈል ወደ 1.26፣ ራሱን በራሱ ሲባዛ 1.58። የቀረው ሽቦ ከተሠራለት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሙቀት እያወጣ ነው። ገና ይቃጠላል። ምናልባትም እዚያው የተጠመዘዘው ጋ፣ መጋጠሚያው ላላ ካለ የራሱን ሬዚስታንስ ይጨምራልና። 0.2 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ 20 በ20 በ0.2፣ 80 ዋት አንዲት ነጥብ ላይ ይፈላል።

ጎረቤትሽ ያለው ለሌላ ዕቃ ነው። እንደ ኮምፒውተር ያለ ዕቃ የሚፈልገውን ዋት እንደምንም ለማግኘት ይታገላል፣ ቮልት ሲወርድበት አምፔር ይጨምራል። የፍሪጅ ሞተርም መብራት ሲደክም ይቸገራል። ምጣድ ግን ተራ ሽቦ ነው፣ የሰጡትን ይቀበላል።

ምን ታድርጊ? ሙሉ አዲስ ሽቦ፣ 3500 ዋት የሚል። ሌላ ቅጥያ አያስፈልግሽም።

አዳማ_07፦
እሺ ግን 32 ቢገባ ምን ይሆናል? በደንብ እኮ ነው የሚሠራው።

ሽቦ_ጠጋኝ፦
ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ያለውን ገመድ ነው። ብዙ ቤት የሶኬት ገመድ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ ሶኬቱም ራሱ ለ16 አምፔር የተሠራ። 32 ብታስገባ ገመዱ እየቀለጠ ብሬከሩ ዝም ብሎ ያያል። ያንተ ጥሎ አያውቅም ያልከው እኔን ያሳስበኛል። ሶኬትህን በጀርባ እጅህ ዳስሰው፣ ከጋገራችሁ በኋላ የሚያቃጥል ከሆነ ዛሬውኑ ባለሙያ ጥራ።

የጎንደሩ፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ እኔ በክላምፕ ሜትር ስለካ ሁሌ ዜሮ ነው የሚለኝ። ተበላሽቶ ይሆን?

ሽቦ_ጠጋኝ፦
ገመዱን በሙሉ አቅፈህ ይሆናል። ሄዶ የሚመለሰው ከረንት እርስ በርሱ ይጣፋል። አንዷን ሽቦ ብቻ እቀፍ።

ባለ_ምጣዷ፦
እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። ነገ አዲስ ሽቦ ልገዛ ነው። ሱቁ ውስጥ ትክክለኛው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሽቦ_ጠጋኝ፦
መልቲሜትር ይዘሽ ሂጂ፣ ኦም ላይ አድርጊና ሁለቱን ጫፍ ንኪ። ከ13 እስከ 14 ካሳየ ውሰጂው። የምጣድ ሽቦ ሲግል ሬዚስታንሱ ብዙም አይለወጥም፣ ስለዚህ ቀዝቃዛውን መለካት ይበቃል። (የድሮው አምፖል ቢሆን ኖሮ ቀዝቅዞ ሲለካ ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል፣ እሱን በዚህ አትፈትኚ።) 11 ወይም 12 ካለ ለሌላ ምጣድ የተሠራ ነው፣ መልሺለት። ቤት ያለውን ስትለኪ ደግሞ ሶኬቱን ነቅለሽ!