ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የዩኒክስ ሰርቨሮችን ሰዓት እንዴት አንድ ማድረግ ይቻላል?

የማራኪው፦

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ማራኪ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ሦስት የዴቢያንና አንድ የፍሪቢኤስዲ ሰርቨር አስተዳድራለሁ፤ አዘዞ ባለው ቅርንጫፋችንም አንድ የመጠባበቂያ ማሽን አለ። መብራት ጠፍቶ የዩ.ፒ.ኤሱ ባትሪ ሲያልቅ ማሽኖቹ ይጠፋሉ፤ ተመልሰው ሲነሱ አሮጌው ማሽን ቀኑን ብዙ ዓመት ወደኋላ መልሶ ይጀምራል፣ የቀሩትም እርስ በርሳቸው በደቂቃዎች ይለያያሉ። በዚህ ምክንያት የዳታቤዙን ሎግ ከዌብ ሰርቨሩ ሎግ ጋር አስተያይቶ የትኛው ድርጊት እንደቀደመ ለመናገር አስቸግሮኛል። እያንዳንዱ ሰርቨር ሰዓቱን በቀጥታ ከኢንተርኔት ቢጠይቅ ይሻላል ወይስ አንዱን የውስጥ ምንጭ አድርጌ ሌሎቹ ከእርሱ ቢቀበሉ? ሰዓት ከሚያስተካክሉት ፕሮግራሞች ነባሩን ኤን.ቲ.ፒ.ዲ. ልጠቀም ወይስ ክሮኒን? በተጨማሪም ኃላፊያችን ሪፖርቶቹ በኢትዮጵያ ሰዓት እንዲወጡ ስለሚፈልጉ የሰርቨሩን ሰዓት በስድስት ሰዓት ወደኋላ እንድመልሰው ጠይቀውኛል። ይህ ጉዳት ይኖረው ይሆን?

አንገረብ፦

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እርሱ ካልተስተካከለ የቀረው ሥራ ሁሉ ይበላሻል። የዩኒክስ ሰዓት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በዩ.ቲ.ሲ.፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ የሚቆጥር ነው፤ የሰዓት ቀጠና ደግሞ ያ ቁጥር ለተጠቃሚው የሚታይበት መልክ ብቻ ነው። ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ወደኋላ ቢመልሱት አዲስ የወጣ የቲ.ኤል.ኤስ. (የግንኙነት ምስጠራ) ሰርተፍኬት ጊዜው ገና እንዳልደረሰ ተቆጥሮ ውድቅ ይሆናል፤ የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስም በተለመደው ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ በላይ የሚለያይን ማሽን አይቀበልም። ስለዚህ ቀጠናውን አዲስ አበባ ላይ ያድርጉት፤ ይህም ከዩ.ቲ.ሲ. 3 ሰዓት የሚቀድምና በክረምትም ሆነ በበጋ የማይቀየር ነው። የኢትዮጵያን ሰዓትና ዘመን አቆጣጠር ሪፖርቱን የሚያወጣው ፕሮግራም በማሳያው ላይ ብቻ ያስላው። ለኃላፊዎ በዚህ መልክ ቢያስረዷቸው የሚቃወሙ አይመስለኝም፤ የሚፈልጉት ሪፖርቱን እንጂ የሰርቨሩን ሰዓት አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ መስመሩ በሚቆራረጥበት ቦታ ከሁሉ የሚቀድመው ማሽኖቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸው ነው። ሁለት ሰርቨሮችን የውስጥ ምንጭ ያድርጉና የቀሩት ከሁለቱ ብቻ ይጠይቁ። ሁለቱ ምንጮች ግን እያንዳንዳቸው ቢያንስ አራት የውጭ ሰርቨሮችን ይከተሉ፤ ምክንያቱም ሁለት የውጭ ምንጮች ሲለያዩ የትኛው እንደተሳሳተ መለየት አይቻልም፣ ሦስት ሲሆኑ አንዱን ሐሰተኛ ለይቶ መተው ይቻላል፣ አራተኛው ደግሞ ከሦስቱ አንዱ በሚጠፋበት ጊዜ ይህን ችሎታ ያቆየዋል።

ለእርስዎ ሁኔታ ክሮኒን እመርጣለሁ። ኤን.ቲ.ፒ.ዲ. ልዩነቱ ከ1000 ሰከንድ ካለፈ፣ ሲነሳ የ«ጂ» አማራጭ ካልተሰጠው በስተቀር ሥራውን አቁሞ ይወጣል፤ አሮጌው ማሽንዎ የሚገጥመው ይኸው ነው። ክሮኒ ግን የማሽኑን ሰዓት የመፍጠን ወይም የመዘግየት ልማድ ለክቶ በድሪፍት ፋይሉ ስለሚይዝ መስመር በሌለበት ጊዜም ማስተካከሉን አያቋርጥም። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ «ሜክስቴፕ 1.0 3» ብለው ካስገቡ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት እርማቶች ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ ሲበልጥ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ያዘልለዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ እያለ ብቻ ያቃናዋል። በሁለቱ የውስጥ ምንጮች ላይ የውስጥ ኔትወርክዎን «አላው» በሚለው መስመር ይፍቀዱ፤ እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁም ካደረጉ በኋላ «ሎካል ስትራተም 10 ኦርፋን» ይጨምሩ (ስትራተም ከዋናው የሰዓት ምንጭ ያለው ርቀት በደረጃ ነው)። ኢንተርኔት ሲጠፋ ከሁለቱ አንዱ መሪ ይሆናል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ የቀሩትም ማሽኖች አብረው ይሄዳሉ።

የአሮጌው ማሽን ሕመም ግን የሶፍትዌር አይደለም። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲ.አር. 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ፣ አልቃለች፤ ቀይሯት። እስከዚያው ክሮኒን በ«ኤስ» አማራጭ ቢያስነሱት የድሪፍት ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈበትን ሰዓት መነሻ ስለሚያደርግ ቢያንስ ብዙ ዓመት ወደኋላ አይሄድም።

ቀሃ፦

በአንገረብ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር። ማሽኖች ሰዓት የሚጠያየቁበት ስምምነት፣ ኤን.ቲ.ፒ.፣ መልእክቱ ለመሄድም ለመመለስም እኩል ጊዜ እንደሚወስድበት አድርጎ ያሰላል። መስመሩ በአንድ በኩል ብቻ ሲጨናነቅ ይህ ግምት ይፈርሳል፤ ስሕተቱም እስከ ደርሶ መልሱ ጊዜ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ደርሶ መልሱ 200 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ስሕተቱ እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። ሎግ ለማስተያየት ይህ ብዙም አይጎዳም፤ የአዘዞው ማሽን ግን ከእናንተ ጋር የሚገናኝበት መስመር ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ምን ያህል እንደሚዘገይ ለክታችሁ እወቁት።

ሁለተኛው፣ ከኢንተርኔት ነፃ መሆን ከፈለጋችሁ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ ከአንዱ ምንጭ ጋር ማያያዝ ነው። በየሰከንዱ ምት የሚሰጥ፣ ማለትም ፒ.ፒ.ኤስ. ያለው፣ ቢሆን ትክክለኛነቱ እስከ ማይክሮ ሰከንዶች ይደርሳል፤ በዩ.ኤስ.ቢ. ብቻ የሚገናኘው ግን ከዚህ በብዙ ያንሳል። አንቴናው ሰማይ በግልጽ ማየት አለበት፤ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር አስቀምጦ ሳተላይት መጠበቅ ድካም ብቻ ነው። የውጭ ምንጮቹን ግን አታንሷቸው። የጂ.ፒ.ኤስ. የሳምንት ቆጠራ በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ፣ በኤፕሪል 2019 እ.ኤ.አ. እንደሆነው፣ አሮጌ መቀበያ ቀኑን ሊያዛባ ይችላል፤ የሚያስተያዩት ሌላ ምንጭ ከሌለ ማንም አያውቅበትም።

የማራኪው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በአንደኛው ሰርቨር ላይ ክሮኒን ተክዬ የምንጮቹን ዝርዝር ስመለከት ከሁሉም ፊት የጥያቄ ምልክት ይታያል፤ «ሪች» በሚለው ዓምድ ሥር ያለውም ዜሮ ነው። ስሞቹ በዲ.ኤን.ኤስ. ወደ አድራሻ ተፈትተዋል።

አንገረብ፦

ጥያቄዎ ወጥቶ መልሱ አልተመለሰም ማለት ነው፤ በፋየርዎሉ ላይ የዩ.ዲ.ፒ. ፖርት 123 መከፈቱን ይመልከቱ። «ሪች» በስምንት ቤት ቁጥር የሚጻፍ ስለሆነ ያለፉት ስምንት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ ካገኙ 377 ይሆናል። የተመረጠው ምንጭ ፊት የኮከብ ምልክት ይታያል። በዚያው ማሽን ላይ ኤን.ቲ.ፒ.ዲ. ወይም የሲስተምዲ ታይምሲንክዲ አብሮ እየሠራ አለመሆኑንም ያረጋግጡ፤ አንድን ሰዓት ሁለት ፕሮግራም ሊያርመው አይገባም።

ጃንተከል፦

ዳታቤዝ ስላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። የሚሠራ ዳታቤዝ ሥር ሰዓቱ ወደኋላ ከተዘለለ በኋላ የገባ መዝገብ ቀደም ብሎ የገባ መስሎ ይታያል። ስለዚህ የመጀመሪያውን እርማት ዳታቤዙን አቁማችሁ አድርጉት፤ ከዚያም ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ዳታቤዙ የሚጀምረው «ክሮኒሲ ዌይትሲንክ» የሚለው ትእዛዝ ሰዓቱ መስተካከሉን ካረጋገጠ በኋላ እንዲሆን የአነሳሱን ቅደም ተከተል አስተካክሉ። ትእዛዙ ስንት ጊዜ ሞክሮ እንደሚተው ገደብ መስጠትን አትርሱ፤ አለበለዚያ ምንጮቹ ሁሉ በጠፉበት ቀን ዳታቤዙ ሳይነሳ ይውላል።