የኅዳር ጉዞ ረቂቅ፦ ከድሬዳዋ ሐረማያ፣ ከዚያ ባቢሌ

ሰብሳቢ፦ የማኅበራችን የወፍ ፎቶ ጉዞ ረቂቅ ይኸው። ኅዳር አጋማሽ፣ ሁለት ሌሊት፤ አንዱን ሐረማያ፣ ሌላውን ባቢሌ። ከኋላው የመኝታ ሳጥን የተሠራለት ፒክአፕ ሦስት ሰው ያሳድራል፣ ሾፌሩ ጋቢና ይተኛል። ያኔ ከአውሮፓ የሚመጡት ወፎች ገብተዋል፤ ግብጻዊውን ጥንብ አንሳ ከድሬ ብዙ ሳንርቅ የመብራት ምሰሶ ላይ እንፈልገዋለን። የምትቃወሙ አሁን ተናገሩ።

መኪና ክፍል፦ መነሻው ከሰዓት ይሁን። ጠዋት ተነስተን የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐይቁ ጋ እስክንደርስ ጥሩው ብርሃን ያልቃል፤ እዚያው ካደርን ግን ጎህ ሲቀድ ቦታችን ላይ ነን። ውኃ ሦስት ጀሪካን፣ 60 ሊትር። ጣሪያ ላይ እንዳትጭኑ! ከኋላ ጎማ ፊት፣ ወለሉ ላይ ይታሰር፤ አለዚያ ኩርባው ላይ ሳጥኑ መኪናውን ይጎትተዋል። ስንመለስ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ነው የምንወርደው። ፍሬን ላይ ብቻ የሚተማመን ሾፌር ታች ሳይደርስ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል።

ፎቶ ክፍል፦ የመኪና ክፍሉ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ካሜራ መኝታው ውስጥ አይደር። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሦስት ሰው የሚተነፍስበት ሳጥን ደግሞ ሞቃትና እርጥብ ነው። የሞቀ ሌንስ ብርድ ላይ ሲወጣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ምስሉ ይርገበገባል፣ ቀዝቅዞ ሲመለስ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ጋቢና፣ በተዘጋ ቦርሳ ይደር። ባትሪውን ብቻ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛችሁ ተኙ።

መስኮቱ ላይ ሌንሱ የሚያርፍበት ከጂንስ የተሰፋ ከረጢትና መሙያው ሁለት ኪሎ አደንጓሬ ከቀፊራ ገበያ ይገዛ (ስንመለስ ወጥ ይሆናል)። ሩቡ ባዶ ይቅር፤ ጢም ካለ ሌንሱ ይንከባለላል። ሞተር ከጠፋ ለተቀመጠ ወፍ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ይበቃል፣ ለሚበር ከ1/2000 አትውረዱ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፍሪጁ ይቅር። ሁለተኛው ባትሪ 100 አምፔር ሰዓት ነው፤ የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር በእጃችን ያለው 50 ነው። 4 አምፔር የሚስብ ፍሪጅ ሳያቋርጥ ከሠራ በ12 ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። ካሜራ በምን ይሞላል?

መኪና ክፍል፦ ይቅር፣ በረዶ እንይዛለን። ሁለቱን ባትሪዎች የሚለየው ሪሌ ግን ቀድሞ ይፈተሽ፤ ካልለየ ጠዋት መኪናው አይነሳም።

የሐረር አባል፦ ባቢሌ ማደሩን አልስማማበትም። የዝሆን መጠለያው ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ዝሆን አጠገብህ ቆሞም ላይታይ ይችላል። ሐረር እደሩ፤ ባቢሌ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሌሊት ተነስታችሁ በፈቃድና ከስካውት (ከመጠለያው ጠባቂ) ጋር ግቡ። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ታነሳላችሁ፦ ያለ ፍላሽ፣ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400። የምግብ ትራፊ መኪናው ሥር ከተዋችሁ ግን እንቅልፍ የለም።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ፣ ሁለተኛው ሌሊት ሐረር ሆነ። ረጅም ሌንስ ኬላ ላይ ጥያቄ ስለሚያስነሳ የካሜራዎቹ ሴሪያል ቁጥር የተዘረዘረበት የማኅበሩ ደብዳቤ ይዘጋጅ። ድሮን አይያዝም። የመግቢያውንና የስካውቱን ክፍያ የሐረር አባላችን ጠይቀው እስከ ዓርብ ያሳውቁን፤ ያለሱ የወጪው ሠንጠረዥ አይዘጋም።