«ለልጅ ልጆቹ ነው» ይሉናል!

ቋሚ አንባቢ፦ አንድ ገምጋሚ «ሠራተኛ ግለ ታሪክ የሚጽፈው ለልጅ ልጆቹ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ አይባልም» ሲል ሰማሁት። ሚኒስትር ሲጽፍ የልጅ ልጅ የለውም እንዴ?

ባለቶርኖው፦ ለማን እንደተጻፈ ማወቅ እኮ ቀላል ነው፤ የሚያብራራውን ማየት ነው። «ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ በስለት የሚቆርጥ ማሽን ነው» ካለ አንባቢው ሙያውን አያውቅም። «ቺንጋው ላልቶ ነበር» ብሎ ካለፈ የሚያወራው ለባልደረቦቹ ነው። ደመወዙን እስከ ሳንቲሙ፣ ያረፈደበትን ደቂቃና የተቆረጠበትን ገንዘብ ከጻፈ ደግሞ ምስክርነት እየሰጠ ነው።

ሳሮን፦ እሱ ራሱ በእጁ ከጻፈው ልክ ነህ። ስንቱ ግን በድምፅ ተቀድቶ የተገለበጠ ነው! የአንድ ሰዓት ቅጂ እያዳመጡ በእጅ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ሲያሳጥሩ የጠያቂውን ጥያቄ ያወጡታል። «ስለ እናትህ ንገረን» ተሰርዞ መልሱ ብቻ ይቀራል፤ አንባቢም «የቤተሰብ ትዝታ ነው» ይላል። ስለ ማሽኑ የተነገረው ደግሞ «አሰልቺ» ተብሎ ቀድሞ ይቆረጣል።

ሞገደኛው፦ ለልጆቹ ቢጽፍስ ምን ነውር አለው? ወዛደር ወዛደር እያላችሁ ሰውየውን ሐውልት አታድርጉት።

ሳሮን፦ «ወዛደር» ያልከው አንተ ነህ፣ እኔ አልወጣኝም።

ቋሚ አንባቢ፦ እ.ኤ.አ. በ1931 ዋርሶ ያለው የማኅበራዊ ኢኮኖሚ ተቋም ሥራ አጦች ሕይወታቸውን ጽፈው እንዲልኩ ውድድር አወጣ። 774 ጽሑፍ ደረሰው፤ በ1933 ያሳተመው 57ቱን ነው። የልጅ ልጁ እዚህ የት ጋ ነው?

ሞገደኛው፦ ውድድር ነው አልክ እኮ! ተወዳዳሪ ዳኛውን እያየ ነው የሚጽፈው። «ሥራ አጥ» ብለህ ከጠራኸው ስለ ሥራ ማጣቱ ይጽፍልሃል፤ ስለ እርግቦቹ አይጽፍም።

ባለቶርኖው፦ አሁን ቁም ነገር ተናገርክ። ስለዚህ ከጽሑፉ በፊት ማስታወቂያው ይነበብ፤ ምን ተጠየቀ፣ ስንት ገጽ ተፈቀደ፣ ስም ይጻፋል ወይስ አይጻፍም። «ልጆቼ ለምነውኝ ነው» የሚለው መግቢያም ብዙ ጊዜ ከለላ ነው። «አንተ ማን ነህና ትጽፋለህ» ለሚለው ቀድሞ የተዘጋጀ መልስ።

ሞገደኛው፦ ከለላ ነው ብለህ አንተ ወሰንክለት። ሰውየው የሚለውን ለምን አታምነውም?

ቋሚ አንባቢ፦ ለልጆቹ ብቻ ከሆነ አምስት መቶ ቅጂ ምን ሊያደርግለት ያሳትማል?

ሞገደኛው፦ ዘመዱ ብዙ ይሆናላ።