የሽንት ቤት ውሃ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ ምን ይደረጋል?

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የዛሬ አምስት ቀን ሌሊት በጣለው ዝናብ የጓሮው ሽንት ቤት ጉድጓድ ሞልቶ መኝታ ቤት ገባብን። የቧንቧ ውሃ ቢሆን አድርቄ እተወው ነበር፤ ይሄ ግን በሽታ ነው፣ ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ጓንትና ቦቲ አድርጌ ጠረግኩት። የስፖንጅ ፍራሹን ጣልኩት። የሲሚንቶ ወለሉን በሳሙና አጥቤ፣ በደንብ አለቅልቄ፣ በውሃ የቀጠነ በረኪና አፈሰስኩበት። ወለሉ ደህና ነው።

ያስጨነቀኝ ግድግዳው ነው። በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው፤ እርጥበቱ እስከ ጉልበት ወጥቷል። ጥግ ላይ በጣቴ ስጫነው ይሰረጉዳል፣ ጥቁር ሻጋታም ጀምሮታል። በረኪና ብቀባውም በማግስቱ ተመልሶ ሸተተ። ጎረቤቶች “ሲደርቅ ኖራ ቀቡት” ይሉኛል። በነሐሴ ምን ፀሐይ አለና ይደርቃል?

የራሰውን ምርጊት አሁኑኑ እስከ ማገሩ ፍቄ ላውጣው ወይስ መስከረም ጠብቶ እስኪደርቅ ልጠብቅ?