ማስተንፈሻውን ከፍ እናድርገው? የግድባችን ግርጌ ደግሞ እየረጠበ ነው

ወንዝ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንጠቀምበት ትንሽ የአፈር ግድብ ውሃው የበጋውን አጋማሽ አያልፍም። ኮሚቴው “ማስተንፈሻውን (ግድቡ ሲሞላ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ቦይ) በአሸዋ ከረጢት ዘግተን ተጨማሪ ውሃ እንያዝ” እያለ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ግርጌው ረጥቦ አንድ ቦታ ላይ ውሃ መመንጨት ጀምሯል። ምን ትመክሩናላችሁ?

ደለል ጠራጊ፦
ወንድሜ፣ ማስተንፈሻውን አትንኩት። እባካችሁ። በግድብ ጥገና ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የአፈር ግድብ በአናቱ ላይ ውሃ ካለፈበት አለቀለት። ጎርፉ የኋላውን ተዳፋት እየሸረሸረ በሰዓታት ውስጥ ሊበጥሰው ይችላል። ከማስተንፈሻው ወለል እስከ ግድቡ አናት ያለው ከፍታ በከንቱ የቀረ እንዳይመስላችሁ። ትልቁ ጎርፍ የሚስተናገደው እዚያ ነው። ከታች ሰው ይኖራል፣ እርሻ አለ።

ስርገቱን በተመለከተ፣ ማንኛውም የአፈር ግድብ ትንሽ ማስረጉ አይቀርም። ወሳኙ የውሃው መልክ ነው። ከሚመነጨው በብርጭቆ ቅዱና አስቀምጡት። ጥርት ካለና መጠኑ ካልጨመረ እየለካችሁ መዝግቡ። ብርጭቆው ታች አፈር ከዘቀጠ ግን ውሃው ግድቡን ከውስጥ እየቦረቦረው ነው። ያኔ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሃውን አጉድሉ፤ መሐንዲስም ጥሩ። የሚወጣበትን ቀዳዳ በጭቃ እንዳትደፍኑት! ግፊቱ ሌላ ቦታ ፈንቅሎ ይወጣል። መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር አልብሱት። ውሃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል።

ወንዝ ዳር፦
ቀድተን አየነው፣ ጥርት ያለ ነው። እፎይ! ታዲያ ውሃው እንዲበረክትልን ምን እናድርግ?

ደለል ጠራጊ፦
ደስ ይላል፤ ግን ክትትሉን አታቋርጡ። ለውሃው ደለሉን ጥረጉ። ሲደርቅ ቆፍራችሁ አውጡት፤ ውሃ የሚይዘውን የሸክላ አፈር ንጣፍ ግን እንዳትነኩት። ከግድቡ እግር አጠገብም አትቆፍሩ። ከማስፋት ማጥለቅ ይሻላል። በሞቃትና ደረቅ አካባቢ ትነት ብቻውን በዓመት እስከ 2 ሜትር የሚሆን ውሃ ሊወስድ ይችላል፤ የተንጣለለ ኩሬ ደግሞ ለፀሐይ ሲሳይ ነው። ከላይ ተፋሰሱ ላይ እርከን ካልሠራችሁ ግን የጠረጋችሁት ሁሉ በጥቂት ክረምት ተመልሶ ይሞላል።

የጉድጓድ ውሃ፦
እኔም ልጨምር። ግድብ የሚጠቅመው በሚታየው ውሃ ብቻ አይደለም። ወደ መሬት የሚሰርገው ከታች ያሉ ጉድጓዶችን ሊመግብ ይችላል። ከግድቡ በታች ጉድጓድ ካለ በበጋ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ ለኩ፤ ለኮሚቴው ጥሩ ማስረጃ ነው። ከብቶቹንም በቧንቧ ከታች ገንዳ አውጥታችሁ አጠጡ። ግድቡ ላይ እየወጡ ዳገቱን ይንዱታል። ዛፍም አትትከሉበት። ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታል፤ ሣር ይበቃዋል።