የእህቴ ልጅ የልደት ካርድ የለውም፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ከአጣዬ የተፈናቀለ የ9 ዓመት የእህቴን ልጅ ይዣለሁ። አባቱ ሞቷል፣ እናቱ የት እንዳለች አናውቅም። ልጁ ዛሬም ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚተኛው፤ «ማታ ብንሮጥስ?» ይለኛል።

ትምህርት ቤት ላስመዘግበው ብል የልደት ካርድ አምጪ ተባልኩ። ካርዱ ከነቤቱ ተቃጥሏል። ቀበሌ ስሄድ ደግሞ «ከተወለደበት አምጪ» አሉኝ፤ መንገዱ እንደምታውቁት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው ይላል። እኔ ግን አንቀጹን ይዤ የትኛው መስኮት ላይ እንደምቆም ግራ ገባኝ።

ፍርድ ቤት ሄጄ ሞግዚትነት ልጠይቅ ወይስ መጀመሪያ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ላመልክት? እናቱ ሞታለች የሚል ወረቀት የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። የአጣዬ ጎረቤቶቻችን ግን ሊመሰክሩልኝ ፈቃደኛ ናቸው። በዚህ ያለፈ ካለ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ፤ ምዝገባው ሊዘጋ ነው።