ኬብል መቁረጫ ለምትፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ጀማው፣ ሰሞኑን «ኬብል ሳያበላሽ የሚቆርጥ ምን ልግዛ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። እሱ የሚወሰነው በምትቆርጡት ኬብል ውፍረት ነው።

ለቤት ውስጥ መስመር ብዙ አትጨነቁ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የሽቦው ውፍረት መለኪያ) ሽቦ ከሆነ ደህና መቁረጫ ፒንሳ ይበቃል። ኢንግኮና ቶታል የሚባሉት የመሣሪያ ብራንዶችም ሥራውን ይሠራሉ።

ጣጣው ያለው ከቆጣሪ ወደ ብሬከር በሚሄደው ወፍራም ኬብል ላይ ነው። 16 ካሬውን በፒንሳ ስታኝኩት ጫፉ እንደ ዳክዬ አፍ ይጠፈጠፋል። የብሬከሩ ቀዳዳ ውስጥ አልገባም ይላል። ያኔ አንዳንዱ ባለሙያ ሁለት ሦስት ክር ቆርጦ ይጥልና የቀረውን በግድ ይሰካዋል። ቤቱ ውስጥ ምጣድ ሲሰካ ያ የቀጠነ ጫፍ ይግላል፤ ቆይቶም ፕላስቲኩ መቅለጥ ይጀምራል። ተቃጠለ ሲባል ግን የሚወቀሰው ብሬከሩ ነው!

ሰጌቶም ይቆርጣል፤ ግን ጫፉን ያንጨፈርረዋል፣ ብናኙም ፓነል ውስጥ ይቀራል። ባለሱቁ በሜትር ሲሸጥላችሁ በሰጌቶ ከቆረጠ ትንሽ ትርፍ አስለኩና ጫፉን ራሳችሁ አስተካክሉ።

የኔ ምርጫ ምላጩ ወደ ውስጥ የጎበጠው የኬብል መቀስ ነው። ኬብሉን ዙሪያውን አቅፎ ስለሚቆርጥ ክሩ አይበተንም። የጀርመኑ ክኒፔክስ 165 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ እስከ 50 ካሬ ይቆርጣል። ዋጋው ያስደነግጣል። እንጀራችሁ ከሆነ ግን ጨክናችሁ ግዙት፤ አልፎ አልፎ ለሚሠራ የቻይናውም ይሆናል።

የቻይናውን ስትገዙ ቀጫጭን ክር ያለው ቁራጭ ኬብል ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መቀሱን ግጠሙና ወደ ብርሃን ያዙት፤ በምላጮቹ መሃል ብርሃን ካሳለፈ ተዉት። ከዚያ በምላጩ ጫፍ ቁረጡ። አንድ ክር እንኳ ሳይቆረጥ ከታጠፈ ሌላ አስወጡ። ባለሱቁ ቢኮሳተርም ችላ በሉት፣ ገንዘቡ የናንተ ነው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ከ95 ካሬ በላይ የምትጎትቱ ባለ ራቼቱን መቁረጫ ፈልጉ። እጀታውን ደጋግማችሁ ስትጨብጡት ጥርስ በጥርስ እየገፋ ይቆርጣል። ለአንድ ሰው ውድ ስለሆነ ሦስት አራት ሆናችሁ ብትገዙት ያዋጣል።

መቀሱም ባለ ራቼቱም የተሠሩት ለመዳብና ለአሉሚኒየም ነው። ፌሮ፣ የአጥር ሽቦ ወይም መሃሉ ብረት ያለው የአሉሚኒየም መስመር ከነከሱ ምላጩ ይሸረፋል። ለመዋስ የሚመጣ ጎረቤት ካለ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

እጀታው ቀይ ስለሆነ ብቻ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ይከላከላል ብላችሁ አትመኑት። 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍና ሁለት የተደራረቡ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ምልክት ፈልጉ። ቢኖረውም ከዋናው አጥፉና በቴስተር አረጋግጡ።

ወልዲያና ሐይቅ ያላችሁ፣ ደህና ባለ ራቼት ያገኛችሁበት ሱቅ ካለ ጠቁሙን።